የመምህር እንድሪያስ ግማሽ ግራም

እንደ አሜሪካን አቆጣጠር በ2008፣ በወርኃ ጁላይ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በሮውሌት ከተማ፣ በመምህር እንድሪያስ መኖሪያ ቤት አንድ ድስት ውሃ የተጣደ መሆኑን ለሚመለከተው ሁሉ እናሳውቃለን።

ውሃው የቧንቧ ውሃ ነው። ድስቱ ወይዘሮ ዓለምጌጥ ለትልልቅ ድግስ ብቻ የሚያወጡት ባለ ሁለት ጆሮ ድስት ነው። ለዚህ ጉዳይ መውጣቱን ወይዘሮ ዓለምጌጥ አልፈቀዱም፤ ግን ትዳር የቆየ ስለሆነ አልተጠየቁም።

እኛ ድስቱን ያየነው ሦስት ሆነን፣ ሱፍ ለብሰን፣ ክራባት አስረን፣ ሳሎኑ መግቢያ ላይ እንደቆምን ነው። ውጪው እንቁላል ይጠብሳል። እኛ ግን በሩ ሲከፈትልን፣ «በዚህ ስናልፍ ሰላም እንበላችሁ ብለን ነው» ብለናል። ሮውሌት ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። በሷ በኩል የሚያልፍ ሰው ወይ ዓሣ ሊያጠምድ ነው፣ ወይ መንገድ ጠፍቶት ነው። በሐምሌ ሱፍ ለብሶ የሚያልፍ ግን ሽማግሌ ብቻ ነው።

ሽማግሌነታችን የዕድሜ ጉዳይ አይደለም። ልጅ ልንጠይቅ ነው የሄድነው። አለቃችን ጋሽ ጉግሳ ናቸው፤ በዳላስና በአካባቢዋ ጋሽ ጉግሳ ያልለመኑት አባት ያላገባች ልጅ የሌለው ብቻ ነው። ሁለተኛው ኃይለ መስቀል ነው፤ የጋርላንዱ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ ምርቃት ሲያስፈልግ ይመርቃል፣ ዝም ማለት ሲያስፈልግ ግን አይሆንለትም። ሦስተኛው እኔ አምሃ ነኝ። እኔን የወሰዱኝ ሁለት ሽማግሌ ስለማያምር ነው።

የላከን ኖላዊ ይባላል። ግራንድ ፕሬሪ ዌርሃውስ ውስጥ አብሮኝ ይሠራል፤ ማለቴ፣ እኔ እቃ እጭናለሁ፣ እሱ የሚጫነውን ያዛል። መጋዘኑ ወደ ኦሃዮ ሊዛወር ነው፤ እኛን ጫኞቹን አንፈልግም ብለዋል፣ እሱን ግን ና ብለውታል። የሚሄደው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። የመምህር እንድሪያስ ልጅ ማራኪ ደግሞ ቁርጡን ነግራዋለች። «ከአባቴ ቤት ተመርቄ ከወጣሁ ኦሃዮ አይደለም አላስካም እሄዳለሁ። ሳልመረቅ ግን ሮውሌትን አላልፍም።» ስለዚህ የዛሬው መልስ እሺ መሆን አለበት። ሌላ ቀን የለም።

ችግሩ፣ በመምህር አገር የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁ ቤት ውስጥ ከብዳበት ነበር ይባላል። የተከበረ አባት አንድ ጊዜ «ዘመድ ላማክር» ይላል፣ አንድ ጊዜ «ልጁን ላጥና» ይላል፣ በሦስተኛው ነው እሺ የሚለው። ሽማግሌም መጣደፉን አይናገርም፤ ከተናገረ እንደ ሻጭ ይቆጠራል። ስለዚህ እኛ የመጣነው ቸኩለን፣ እንዳልቸኮለ ሰው ሆነን ነው።

ሌላም ችግር ነበረ። ልጅ በሚጠየቅበት ቀን ልጁ አይመጣም፤ በዚያ ሰፈርም ባይታይ ይሻላል። ነገር ግን ጋሽ ጉግሳ ሃይዌይ አይነዱም። ኃይለ መስቀል ይነዳል፣ ግን ከእሱ ጋር አንዴ የሄደ ሰው ሁለተኛ አይሄድም። የኔ ፒክአፕ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ እንደ ጆንያ ከኋላ አይጫንም። ሶ፣ ምን ተደረገ? ኖላዊ ራሱ ነዳን። መኪናውን ከቤቱ አለፍ አድርጎ ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠ። ሞተሩን ያጠፋው የሚሠራ ሞተር ሰው ያስጠረጥራል ብለው ጋሽ ጉግሳ ስላዘዙት ነው።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፤ በአጋጣሚ ነው። የኩሽናው ምድጃ ላይ አራት ወጥ አለ፤ እሱም በአጋጣሚ ነው። በነገራችን ላይ የምንመጣበትን ሰዓት ለጋሽ ጉግሳ ረቡዕ ዕለት ኮል አድርገው የነገሯቸው እሳቸው ናቸው።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ጉግሳ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይመለስልን አንቀመጥም።»

«ሰላም ልትሉን አይደል እንዴ የመጣችሁት?»

«ሰላምታውም ቆመን ነው።»

መምህር እንድሪያስ ከወገባቸው ጎንበስ እንዳሉ ቀና ሳይሉ እጃቸውን አነሱልን። ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አቁመው ሳንቃ አጋድመውባቸዋል። ሳንቃው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን አለ። ሳንቃው መሀል ቀዳዳ አለው፤ ከሚዛኑ ሆድ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወርዶ፣ በቀዳዳው አልፎ፣ ድስቱ ውስጥ ይገባል። ድስቱ መሬት ላይ በተቀመጠ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው። ክሩ ጫፍ ላይ፣ ውሃው ውስጥ፣ ሳሙና የሚያህል የአሉሚኒየም ቁራጭ ተንጠልጥሏል። መጋረጃዎቹ ሁሉ ለፀሐዩ ተዘግተው ሳሎኑ በመብራት ነው ያለው፤ ነፋስ ሚዛኑን እንዳያወዛውዝ ፋኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። የተቀጣ ተማሪ ይመስላል።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» አሉ መምህር። «ሙቀቱ እየወረደልኝ ነው። ሰባ ዲግሪ ላይ ማንበብ አለብኝ። አሁን ከለቀቅሁት ቅዳሜዬ ሄደ።»

እዚህ ላይ ስለ መምህር ቅዳሜ መናገር አለብኝ። መምህር እንድሪያስ ወልድያ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረው፤ ቁልፉ ነበር የጠፋው፤ በኋላ ሲሰበር ውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቴርሞሜትር አንድ ነበረች፣ እሷንም ጤና ጣቢያው ተውሶ አልመለሰም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በጠመኔ ነው ያስተማሩት። ሚዛን ይስላሉ፣ ክር ይስላሉ፣ ድስት ይስላሉ፣ ከሥሩ እሳት ይስላሉ። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ከዚያ ሁሉ የተሳለ እሳት አንድም ሰው ሞቆ አያውቅም። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን ነገር አንዱንም በዓይናቸው አላዩትም።

አሜሪካ መጥተው ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከተቀጠሩ በኋላ መጽሐፋቸውን ከፊት ገጽ ጀምረው በየቅዳሜው አንድ አንድ ሙከራ ይሠራሉ። ፔንዱለሙን ጨርሰዋል። መስታወቶቹን ጨርሰዋል። አሁን ሙቀት ላይ ናቸው፤ እዚህ ላይ ነው የተያዙት።

«ይሄ ስንተኛ ሳምንቱ ነው?» አልኳቸው።

«አይጠየቅም» አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ ከኩሽናው።

መምህር ግን ጠያቂ ማግኘት ነው የሚፈልጉት። ቀና አሉ። ሦስት የቆመ ሰው ሲያዩ ክፍል መሰላቸው መሰለኝ፣ ጣታቸውን አነሱ።

«ይሄ አሉሚኒየም ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቀልላል። ለምን? ውሃው ከሥር ስለሚገፋው። ኦኬ?»

«ኦኬ» አለ ኃይለ መስቀል።

«አሁን ውሃውን አሞቅሁት። አሉሚኒየሙ ሚዛኑ ላይ ምን ይሆናል?»

«ይቀልላል» አለ ኃይለ መስቀል ወዲያው። «የሞቀ ሁሉ ቀላል ነው።»

«ወልድያም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ!» መምህር ደስ አላቸው። «ይከብዳል! ውሃው ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲያብጥ ይሳሳል፤ የሳሳ ውሃ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ብረቱ ይከብዳል።»

«ብረቱስ አይሞቅም? እሱስ አያብጥም?» አልኩ። ፊዚክስ የተማርኩት ከማንም አይደለም፣ ግን ቆሜ ነበር፣ የሚሠራም አልነበረኝም።

መምህር ወደኔ ጠቆሙ። «እሱ! እሱ ነው ነገሩ! ብረቱም በጥቂቱ ያብጣል። ሲያብጥ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ ሰፋ ያለ ቦታ ሲይዝ ውሃው በዚያው መጠን ይገፋዋል። ስለዚህ ውሃው ብቻ ቢያብጥ ኖሮ ይከብድ ከነበረው ትንሽ ዝቅ ይላል። ምን ያህል? ግማሽ ግራም ገደማ። ውሃው ስንት እንደሚያብጥ ሌሎች ለክተው በሠንጠረዥ አስቀምጠውልናል። ያቺን ግማሽ ግራም ካገኘሁ ብረቱ በየዲግሪው ስንት እንደሚያብጥ አገኘሁ። በማስመሪያ ቢለካ የማይታይ እብጠት ነው እኮ፣ በውሃ ተያዘ!»

«እና አልተያዘም?» አሉ ጋሽ ጉግሳ። ከጨዋነት ነው የጠየቁት።

የመምህር ጣት ወረደ። «መጽሐፉ ከሚለው እጥፍ ነው የሚመጣልኝ። ሁልጊዜ እጥፍ። ሚዛኑን ቀየርኩ፣ ክሩን ቀየርኩ። ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ መጽሐፉ ነው። መጽሐፉ ከሆነ ያንን ሁሉ ልጅ ሳሳስት ኖሬአለሁ ማለት ነው።»

ጋሽ ጉግሳ ይህን የሰሙት እንደ መግቢያ ነው። ለእሳቸው ዝምታ ሁሉ መግቢያ ነው። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ።

«መምህር እንድሪያስ! ወይዘሮ ዓለምጌጥ! በእግዚአብሔር ፊት፣ በዚህ ቤት ክብር ፊት ቆመናል!»

«ጋሽ ጉግሳ፣ ከዘራውን» አሉ መምህር። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ነው። ይህ የቴክሳስ ቤት ወለል ከሥሩ ባዶ ነው፤ ድመት ብታልፍም ይሰማል።

«ይቅርታ። ቆመናል! የቆምነውም …»

«ቆይ ጋሽ ጉግሳ» አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ። መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርገዋል። «ያ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ከእናንተ ጋር ነው?»

ሦስታችንም ሌላ ሌላ ቦታ አየን።

«ሹፌር ነው» አሉ ጋሽ ጉግሳ።

«ሰው እኮ ነው! በዚህ ፀሐይ መኪና ውስጥ ውሻ ቢተዉ እንኳ ፖሊስ ይጠራል።»

«ለምዶታል።»

ወይዘሮ ዓለምጌጥ አልሰሙም፤ በሩን ከፍተው እጃቸውን አውለበለቡ። ኖላዊ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ገባ። ደፍ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ወይዘሮ ዓለምጌጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡት፤ ሲሰጡት እንደማያውቁት ሰው በጣም በጥንቃቄ ነው የሰጡት፣ ብርጭቆውን ከታች ይዘው።

መምህር ከድስቱ ላይ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ፣ ስምህ ማነው?»

ኖላዊ አፉን ከፈተ።

«ሹፌር ነው» አሉ ጋሽ ጉግሳ። «ስሙን ምን ያደርጉታል?»

«ልክ ነው» አሉ መምህር። «አንተ ሹፌር፣ ዓይንህ ደህና ከሆነ ና ቴርሞሜትሩን ያዝልኝ። ሰባ ላይ ሲደርስ ንገረኝ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። የምትጠየቀው ልጅ አባት ሚዛኑን ይዘዋል። የሚጠየቅለት ወንድ ተንበርክኮ ቴርሞሜትሩን ይዟል። እኛ ሦስታችን ይህን ያልመጣ ሰው ልናወድስ ቆመናል። ኃይለ መስቀል ክራባቱን ማላላት ጀመረ።

ጋሽ ጉግሳ ግን ስንት ቤት ያዩ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«አንድ ልጅ አለን። ጨዋ፣ ትሑት፣ ሠራተኛ። በሥራው የተመሰገነ፣ በመልኩ …» ወደ ወለሉ ዓይናቸው ሊያመልጥ ሲል መለሱት፣ «… በመልኩ የሚያሳፍር አይደለም።»

«ሰባ አምስት» አለ ኖላዊ ከሥር።

«ጸባዩ እንደ ወተት የነጣ። መጠጥ አይወድ፣ ዞር ዞር አይወድ።»

«ቁመቱስ?» አሉ መምህር፣ ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ።

«ቆሞ ሲያዩት ረጅም ነው።»

«ሰባ ሦስት» አለ ኖላዊ። ጆሮው ቀልቷል።

«ሴት ልጃችሁን ወይዘሪት ማራኪን …» አሉ ጋሽ ጉግሳ። «በነገራችን ላይ የት ናት?»

«ሥራ ላይ ናት» አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ። ፎቅ ላይ የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ማንም ወደ ላይ አላየም።

«ወይዘሪት ማራኪን ለዚህ ልጃችን፣ በሕግ በሥርዓት፣ ለትዳር ትሰጡን ዘንድ እንለምናለን። ልጁም …» ጋሽ ጉግሳ ትንፋሽ ወሰዱ። ስም የሚጠሩበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ከዘራውን ያነሳሉ፤ ልማድ ነው፣ ሊያስቆሙት አይችሉም። «… ልጁም ኖላዊ ይባላል!»

ከዘራው ወረደ። ወለሉን አልነበረም የመታው፤ የወንበሩን እግር ነው።

ሳንቃው ዘለለ። ሚዛኑ ዘለለ። ክሩ ተወዛወዘ፣ አሉሚኒየሙ ከድስቱ ጎን ጋር ጓ አለ። መምህር እንድሪያስ ሳንቃውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት። ኖላዊም በዚያኛው በኩል ያዘው። ግንባራቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ከድስቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። ቡል፣ ቡል፣ ቡል። ደቃቅ አረፋ ከሥር ተነቅሎ በብዛት ወጣ፤ ውሃው ላይ እንደ ጠላ ሆኖ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

«ጉድ!» አለ ኃይለ መስቀል። «ፈላ እንዴ?»

«በሰባ ዲግሪ አይፈላም» አሉ መምህር፣ በጣም በቀስታ። ሚዛኑን አዩ። ቁጥሩ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ቆሟል። ድስቱን አዩ። ሚዛኑን አዩ። «አረፋ ነው … አየር ነው! የቧንቧ ውሃ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይወጣና ብረቱ ላይ ይለጠፋል። እንደ ሕፃን ዋናተኛ ፊኛ ታስሮለት ነበር እኮ! ፊኛው ነው እጥፍ እያደረገ ያቀለለብኝ! ድስቱ ደግሞ ብርጭቆ አይደለ፣ አላየሁት! ሹፌር፣ ስንት ነው?»

«ሰባ፣ ልክ ሰባ» አለ ኖላዊ።

መምህር ካልኩሌተራቸው ላይ አጎነበሱ። ወይዘሮ ዓለምጌጥ ማማሰያውን ይዘው ከኩሽናው ወጥተው መጡ። መምህር አስልተው ጨረሱ። መጽሐፉን አዩ። እንደገና አሰሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ የጠረጉት ግን መነጽሩን ብቻ አልነበረም።

«እንዴት ሆነ?» አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ።

«ከመጽሐፉ በጥቂት ብቻ ነው የሚለየው። እውነት ነው ዓለሜ። ለልጆቹ የነገርኳቸው እውነት ነው።»

ኃይለ መስቀል ከማንም ሳይታዘዝ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ኖላዊ ተንበርክኮ እንዳለ እስከ ጆሮው ድረስ ፈገግ አለ። ጋሽ ጉግሳ ይህን አጋጣሚ ከእግዜር እንደተሰጠ ቆጠሩት፤ ወደ መምህር ጠጋ አሉ፣ ከዘራውን ግን ብብታቸው ሥር አስገቡት።

«እንኳን ደስ ያለዎት መምህር። ደስታ በደስታ ላይ ይሁንልዎ። መልሳችንን ይስጡን፣ እግራችንም ይረፍ።»

መምህር እንድሪያስ መነጽራቸውን መለሱ። ጎንበስ ብለው ምድጃውን እንደገና ከፈቱት። ፊታቸው ሲቀየር አየሁት፤ ደስ ያለው ሰው ፊት እየሄደ የሴት ልጅ አባት ፊት እየመጣ ነው።

«አንዴ የመጣ ውጤት ውጤት አይደለም» አሉ። «እንደገና አሙቄ ካልደገምኩት አልቆጥረውም። የእናንተም ነገር እንዲሁ ነው። አክብራችሁ መጥታችኋል፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግን አገር ቤት ወንድሞቼ አሉ። ይጠየቃሉ። ልጁም ይጠናል። እስከ መስቀል ድረስ …»

«መስቀል ኦሃዮ ነው!» አለ ኃይለ መስቀል።

ጋሽ ጉግሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ መምህር።

«ማለቴ … ልጁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ኦሃዮ ይሄዳል። ሥራው ተዛውሯል። እሷ ደግሞ ያለ ምርቃት አልሄድም ብላለች። ሶ …» ኃይለ መስቀል ጋሽ ጉግሳን አየና ድምፁ ሞተ። «… ሶ፣ እንደዚያ ነው።»

 ኖላዊ ቴርሞሜትሩን ይዞ ቆመ፤ ሹፌርነቱን ለመጠበቅ ቴርሞሜትሩን ነው የሚያየው፣ ግን እንደማያነበው ያስታውቃል፤ ገልብጦ ነው የያዘው። ጋሽ ጉግሳ ከዘራቸውን ከብብታቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። እኔም አንድ ነገር ልበል ብዬ፣ ኦሃዮ ጥሩ አገር ነው ከማለት ሌላ ምንም አልመጣልኝ፤ ተውኩት።

«እንዲህ ከሆነ» አሉ መምህር፣ በዝግታ፣ «ይብስ ከባድ ነው። ልጄን ወደ ሩቅ አገር ልኬ፣ ለማን? ኖላዊ አላችሁኝ። ስሙን ዛሬ መስማቴ ነው። የማን ልጅ ነው? ጠባዩ ምንድን ነው? እዚህ ቤት ደጅ ደርሶ አያውቅ፣ ዓይኑን አይቼው አላውቅ። የማላውቀውን ሰው እንዴት ብዬ በአንድ ቅዳሜ እሺ ልበል?»

ወይዘሮ ዓለምጌጥ ማማሰያውን እንደያዙ ወደ ኩሽናው ተመለሱ፣ አንድ ሳህን ወጥ አነሱ፣ ማይክሮዌቩ ውስጥ ከተቱ፣ በሩን ለማይክሮዌቭ ከሚገባው በላይ በኃይል ዘጉት፣ ቁልፉን ተጫኑት።

መብራት ጠፋ።

የቤቱ መስመር ሁለቱን አንድ ላይ አልቻለም፤ የመምህር ምድጃ ጠፋ፣ ፋኑ ቆመ፣ ማይክሮዌቩ ዝም አለ። መጋረጃው ሁሉ ዝግ ስለሆነ ሳሎኑ ድንግዝግዝ ሆነ። «ሚዛኔን!» የሚል የመምህር ድምፅ ብቻ ተሰማ። «ሚዛኔን እንዳትነኩ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!»

አንድ ሰው ግን ተንቀሳቅሷል። ሹፌሩ ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ የወንበሮቹን እግር ሳይነካ፣ በኩሽናው አልፎ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ኮሪደሩ ላይ አራት አንድ ዓይነት በሮች አሉ። እኔ እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ገብቼ፣ እስካሁን ሽንት ቤት ስፈልግ የምከፍተው የሽንኩርት ጆንያውን ክፍል ነው። እሱ ሦስተኛውን በር በጨለማ ያዘ፤ ትንሽ ወደ ላይ አንስቶ፣ በትከሻው ገፋ አድርጎ ከፈተው፤ ካልተነሳ አይከፈትም ማለት ነው። ከበሩ ሥር ነጠላ ጫማ ነበር። ወደ ታች ሳያይ ጫማውን አውልቆ እግሩን ከተተበት። ልኩ ነበር። የመብራት መስመሮቹ ሳጥን ወዳለበት ጋራዥ ወረደ።

ወይዘሮ ዓለምጌጥ በአንድ እጃቸው አፋቸውን ይዘው ባላቸውን ያያሉ። ጋሽ ጉግሳ ወይዘሮ ዓለምጌጥን ያያሉ። ኃይለ መስቀል እኔን ያያል።

ከጋራዡ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። መብራቱ አልመጣም። እንደገና ቀጭ አለ። አልመጣም።

መምህር እንድሪያስ ድስቱ ላይ እንዳጎነበሱ፣ ሙቀቱ እየወረደባቸው ነው፣ ቀና ሳይሉ ጮኹ።

«ሁለተኛውን አይደለም ኖላዊ! እሱን ባለፈው አብረን ቀይረነው የለ እንዴ! ከሱ ሥር ያለውን!»

«እሺ ጋሼ!» አለ ከጋራዡ ውስጥ።

መብራቱ መጣ። ፋኑ ግድግዳውን መንፋት ጀመረ። ከፎቅ ላይ፣ ሥራ ላይ ካለችው ልጅ፣ በእጅ የታፈነ ሳቅ ወረደ። ማይክሮዌቩ ሰዓቱ ጠፍቶበት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል፤ ሌላ የምናይበት ቦታ ስላልነበረን ሁላችንም፣ መምህር እንድሪያስም ጭምር፣ እሱን አየን።